ረፋድ ላይ የት እንብላ? ስለ ከተማ ካፌዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ከተማ ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ቁጭ ብዬ እንቁላልና ቡና የማዝበት ትንሽ ካፌ ነው። ሙዚየሙም ገበያውም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይህን የሚያውቁ ጓደኞቼ ከጉዞ በፊት ይደውሉልኛል፤ የሚጠይቁኝም ሁሌ ተመሳሳይ ነገር ነው። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ። ሰዓቱን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። በር ላይ 14:30 የሚል ካያችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

ብራንች ቁርስ ነው ወይስ ምሳ?

ሁለቱንም ነው። ስሙ ራሱ ብሬክፋስትና ላንች ከሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ጋይ ቤሪንጀር የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ በአንድ መጽሔት ላይ ስለዚህ ምግብ ጽፎ ተሟገተለት። ቅዳሜ ማታ ያመሸ ሰው እሑድ በማለዳ ለምን ይነሳል ነው ነገሩ። ረፈድ አድርጎ ይነሳ፣ በሻይ ወይም በቡና ይጀምር፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ከበድ ያለው ምግብ ይለፍ አለ። በዚህ ሰዓት የሚበላ ሰው ፊቱ ይፈታል፣ ጨዋታም ይመጣለታል ብሎም ያምን ነበር። እኔም አምናለሁ።

እኛ ለሰዓቱ «ረፋድ» የሚል ጥሩ ቃል አለን። ብራንች የረፋድ ምግብ ነው ብላችሁ ያዙት።

ስንት ሰዓት ልሂድ?

ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህንን አንብቡ። ተራ ካፌ ማለት ትንሽ ማድ ቤት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከኋላ ያለው አንድ ወይም ሁለት ሰው፣ አንድ ምድጃ፣ ጥቂት መጥበሻ ነው። ያ ማድ ቤት የራሱ ሰዓት አለው። ሰዓቱን ያወቀ ሰው በዚያው ካፌ፣ በዚያው ዋጋ፣ የተሻለ ምግብ ይበላል።

ቅዳሜና እሑድ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁሉም ሰው ይመጣል። ሁሉም ደግሞ እንቁላል ያዛል። አንዱ አብሳይ ሃያ ሰሃን እንቁላል በአንዴ ሲያወጣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው እኩል ሊሆኑለት አይችሉም። ስለዚህ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ድረስ ግቡ። ማድ ቤቱ ሞቋል፣ ዳቦው ትኩስ ነው፣ አብሳዩም ገና አልደከመም። ወረፋም የለም።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ የመሸጋገሪያው ሰዓት ነው። በሥራ ቀን ብዙ ካፌዎች የቁርሱን ሜኑ 5 ሰዓት ወይም 5 ሰዓት ተኩል ላይ ያነሱና ምሳውን 6 ሰዓት ይጀምራሉ። በመሃል ከደረሳችሁ ቁርሱ አልቋል፣ ምሳው አልደረሰም። ያኔ ቡና ይዞ መጠበቅ ነው፤ አስተናጋጁን መጨቅጨቅ ምንም አያመጣም።

ሦስተኛው የመዝጊያው ሰዓት ነው። በር ላይ የተጻፈው ካፌው የሚዘጋበት እንጂ ማድ ቤቱ የሚዘጋበት አይደለም። አንድ ጊዜ ከተማውን ግማሽ ቀን በእግሬ አቋርጬ፣ ርቦኝ፣ 9 ሰዓት ይዘጋል የሚል ካፌ 8 ከ20 ላይ ደረስኩ። ምድጃው ጠፍቷል፣ ልጁ ወለል እያጠበ ነው። አንድ ቁራጭ ኬክ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ እደውላለሁ፤ የምጠይቀውም «ስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ?» ብዬ ሳይሆን «የመጨረሻ ትእዛዝ ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ነው።

አገርም ይለያያል። ፈረንሳይ ውስጥ የምሳ ሰዓት በግርድፉ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ማድ ቤት አይሠራም። ስፔን ውስጥ ደግሞ ሰዉ ለምሳ መቀመጥ የሚጀምረው 8 ሰዓት አካባቢ ነው። 6 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ባዶ ቤት ብታገኙ ካፌው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ደግሞ ሰኞን ተጠንቀቁ። ቅዳሜና እሑድ ሲሠሩ የሚከርሙ ትንንሽ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚያርፉት ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው።

በማላውቀው ከተማ ጥሩ ካፌ እንዴት አገኛለሁ?

በእግር። ከዋናው አደባባይ ወይም ቱሪስት ከሚሰበሰብበት መንገድ ሁለት ሦስት መታጠፊያ ግቡ። ዋናው መንገድ ላይ ኪራይ ውድ ነው፤ ያ ኪራይ የሚከፈለው ከምትበሉት ሰሃን ላይ ነው። ከዚህም ሌላ እዚያ የሚያልፈው ሰው ተመልሶ አይመጣም፤ ስለዚህ ባለቤቱ አንድ ጊዜ ካስደሰታችሁ ይበቃዋል። ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ያለው ካፌ ግን የሚኖረው በሰፈሩ ሰው ነው። ማክሰኞ የከፋው ደንበኛ ረቡዕ አይመጣም።

ለዚህ የማውቀው ጥሩ ምሳሌ የአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ናት። የከተማዋ ምርጥ ካፌዎች ብዙዎቹ ያሉት በረጃጅም ሕንፃዎች መሃል ባሉ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ውስጥ ነው። ዴግሬቭስ ጎዳናና ሴንተር ፕሌስ የሚባሉት ታዋቂ ናቸው። በዋናው መንገድ ብቻ የሚሄድ ሰው እነዚህን ሳያይ ከተማዋን ዞሮ ሊጨርስ ይችላል።

ስትደርሱ ቶሎ አትግቡ። ደጅ ላይ አንድ ደቂቃ ቁሙና የተነሱትን ሰሃኖች እዩ። ይህ እስካሁን አታሎኝ አያውቅም። አስተናጋጁ ይዞ የሚመለሰው ሰሃን ላይ ምግቡ ግማሹ ቀርቶ ከሆነ ሌላ ምልክት አያስፈልግም። ዳቦው ጠርዙ ድረስ ተበልቶ፣ ስጎው በዳቦ ተጠርጎ ከሆነ ግቡ። ከዚያ የተቀመጡትን ሰዎች እዩ። የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ጋዜጣ የያዙ አዛውንት፣ አስተናጋጇን በስሟ የሚጠራ ደንበኛ ካለ ቤቱ የሰፈር ነው።

ሰው ስትጠይቁ ደግሞ አጠያየቁን ልብ በሉ። «ጥሩ ካፌ የት አለ?» ካላችሁ ሰው ለእንግዳ ይመጥናል ብሎ ያሰበውን፣ ማለትም ውዱን ቤት ነው የሚነግራችሁ። «አንተ ትናንት ምሳ የት በላህ?» በሉት። መልሱ ወዲያው ይቀየራል። የመጻሕፍት መደብር ሠራተኛ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ እነዚህ ናቸው የሚያውቁት።

የኢንተርኔቱን ኮከብ ከተመለከታችሁ አምስቱንም አንዱንም ዝለሉ። ሦስት ኮከብ የሰጡትን አንብቡ። ተናዶ ወይም ተደስቶ የጻፈ ሰው ዝርዝር አይነግራችሁም፤ ሦስት የሰጠው ግን «ምግቡ ጥሩ ነው፣ ግን አርባ ደቂቃ ቆየ» ይላችኋል። ለእናንተ የሚጠቅመው ያ ነው። ቀኑንም እዩ። የሁለት ዓመት አስተያየት ስለ ሌላ አብሳይ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ረጅም ሜኑ ጥሩ ምልክት ነው?

በትንሽ ቤት አይደለም። ስድሳ ዓይነት ምግብ የሚያቀርብ አንድ ምድጃ ካለ አብዛኛው ከፍሪዘር ነው የሚወጣው። አንድ ገጽ ሜኑ፣ ግድግዳ ላይ ደግሞ በቾክ የተጻፈ የዕለቱ ምግብ ሳይ ደስ ይለኛል። ከዝርዝሩ አንዱ ተሰርዞ «አልቋል» የሚል ካለበት የበለጠ ደስ ይለኛል።

ለረፋድ ምን ልዘዝ?

ለመጀመሪያ ጊዜ በምገባበት ካፌ እንቁላል አዛለሁ። እንቁላል መደበቂያ የለውም።

በተለይ ያለ ቅርፊቱ ውኃ ውስጥ የሚበስለውን፣ ፖችድ የሚሉትን እዘዙ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ውኃው እንዳይንተከተክ፣ ግን ትንንሽ አረፋ ከሥሩ እንዲያወጣ ይደረጋል። ጥቂት አቼቶ ይጨመራል፤ ነጩ ቶሎ እንዲረጋ ይረዳል። እንቁላሉ ከሰበሩት በኋላ ቀስ ተደርጎ ይለቀቃል። ሦስት ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። አዲስ እንቁላል ከሆነ ነጩ አስኳሉን አቅፎ ይሰበሰባል። የቆየ ከሆነ ነጩ ቀጥኗልና እንደ ክር ውኃው ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ ሰሃኑ ላይ የሚመጣው ክብ፣ ጠርዙ የተሰበሰበ፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ መሆን አለበት። በሹካ ስትወጉት አስኳሉ እንደ ማር ወፈር ብሎ ዳቦው ላይ ይውረድ። ከሥሩ ዳቦው በውኃ ከራሰ አብሳዩ አላጠነፈፈውም፤ ቸኩሏል።

ከፖችድ እንቁላል ምግቦች ታዋቂው ኤግስ ቤኔዲክት ነው። የመጣው ከኒው ዮርክ ነው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፤ ማን ጀመረው በሚለው ላይ ግን ሁለት የከተማዋ ቤቶች ይሻሙበታል። ላዩ ላይ የሚፈሰው ስጎ ሆላንዴዝ ይባላል። ከእንቁላል አስኳል፣ ከቅቤና ከሎሚ ይሠራል። ይህ ስጎ ሙቀት ትንሽ ሲበዛበት ይለያያል፤ ቅቤው ወደ ጠርዝ ይወጣል፣ አስኳሉ ይቋጠራል። ብዙ ማድ ቤት ጠዋት ሠርቶ በለብታ ያቆየዋል። እንግዲህ ያ ሰዓት የምለው እዚህም ይመጣል፤ ቤኔዲክት ማዘዝ ያለባችሁ በጊዜ ነው። 7 ሰዓት ላይ የሚመጣው ሆላንዴዝ ሲቆይ የዋለ ሊሆን ይችላል።

ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ እንቁላሉን ተዉትና ለመጥበሻ የማይሻማውን ምግብ እዘዙ። ሾርባ፣ ከመጋገሪያ ምድጃ የወጣ ኪሽ (የፈረንሳዮች ጨዋማ ፓይ)፣ ሳንድዊች። ሻክሹካ ከወደዳችሁ ግን ጊዜ ይኑራችሁ። ከሰሜን አፍሪካ የመጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በደንብ ተቁላልቶ እንቁላል የሚሰበርበት ምግብ ነው። በየሰው መጥበሻ ስለሚሠራ ይቆያል፤ ሲመጣ ግን እየፈላ ነው የሚቀርበው።

አቮካዶ በቶስትስ? ብዙ ሰው ያፌዝበታል፣ እኔ ግን እከራከርለታለሁ። ካፌዎች ውስጥ እንዲስፋፋ በማድረግ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲድኒ ውስጥ ካፌ የከፈተው ቢል ግሬንጀር ነው። የበሰለ አቮካዶ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ በደንብ የተጠበሰ ወፍራም ዳቦ። አራቱም ጥሩ ከሆኑ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ቡናውን ከምግቡ በፊት ወይስ በኋላ?

ወተት ያለበትን በፊት፣ ጥቁሩን በኋላ። ይህ የኔ ምርጫ ነው። ጣሊያኖችም ካፑቺኖን የጠዋት መጠጥ አድርገው ነው የሚያዩት።

የቡናውን ጥራት ለመገመት ማሽኑ አጠገብ ጥቂት ቁሙ። ኤስፕሬሶ ከማሽኑ ወርዶ ለማለቅ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። በአሥር ሰከንድ ግር ብሎ ከወረደ ቀጥኖ ይጎመዝዛል። ወተቱ ደግሞ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ይጣፍጣል፤ ከ70 ካለፈ የተቀቀለ ወተት ሽታ ያመጣል። ባሪስታው ከእያንዳንዱ ስኒ በኋላ የእንፋሎት ቱቦውን በጨርቅ የሚጠርግ ከሆነ ጥሩ ሰው እጅ ላይ ናችሁ። የደረቀ ወተት የተጋገረበት ቱቦ ካያችሁ ሻይ እዘዙ።

ለምሳ የዕለቱን ምግብ ልዘዝ?

አዎ፣ ያለ ጥርጥር። አብሳዩ ጠዋት ገበያ ሄዶ ያገኘውን፣ በብዛት የሠራውን፣ ቶሎ የሚያቀርበውን ነው የምታገኙት። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ፈረንሳዮች ፕላ ዱ ዡር ይሉታል። ስፔኖች ሜኑ ዴል ዲያ የሚሉት አላቸው፤ መጀመሪያ፣ ዋና፣ ማጣጣሚያ፣ ዳቦና መጠጥ በአንድ ዋጋ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መንግሥት ባወጣው ደንብ የተስፋፋ ሲሆን አሁንም የሠራተኛው ምሳ ነው።

ቋንቋው ካስቸገራችሁ ጃፓን ቀላል ናት። ብዙ ቤቶች የምግቡን የፕላስቲክ ሞዴል መስኮት ላይ ይደረድራሉ፤ በጣታችሁ ማሳየት ብቻ ነው። ሌላ አገር ደግሞ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ማሳየት ነውር አይደለም። ፈገግ ብላችሁ «እንደዚያ» በሉ።

ብቻዬን መብላት ይከብደኛል። ምን ላድርግ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ስሜቱንም አውቀዋለሁ። ባንኮኒው ላይ ተቀመጡ። ባንኮኒ የተሠራው ለብቻ ሰው ነው። ማድ ቤቱን ታያላችሁ፣ ባሪስታው ያወራችኋል፣ ስልክ ላይ ማፍጠጥም አይኖርም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ቻ ቻን ቴንግ የሚባሉት ካፌዎች ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ማንም ምንም አይልም። ሦስት ቀን ብቻችሁን ከበላችሁ በአራተኛው ትረሱታላችሁ።

አንድ ቡና ይዤ ምን ያህል መቀመጥ ይቻላል?

ቪየና ከሆናችሁ እስክትጠግቡ። እዚያ በአንድ ቡና ጋዜጣ እያነበቡ ሰዓታት መቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። ኦስትሪያ ይህን የቡና ቤት ባህል እ.ኤ.አ. በ2011 በማይዳሰሱ ቅርሶቿ አገር አቀፍ ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች።

በሌላ ቦታ ግን ዙሪያችሁን እዩ። ሰው ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ጨርሳችሁ ተነሱ። አሥራ ሁለት ወንበር ያለው ካፌ የሚኖረው በእነዚያ ሁለት የብራንች ሰዓታት ነው። ላፕቶፕ ከያዛችሁ ከ8 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ያኔ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ደስ ብሏቸው ያስተናግዷችኋል።

ጉርሻ ስንት ልስጥ?

እንደ አገሩ ነው። ጃፓን አይሰጥም፤ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ብትወጡ ረሳችሁ ብለው ሊከተሏችሁ ይችላሉ። አሜሪካ ተቀምጣችሁ ከተስተናገዳችሁ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጠበቃል። ምክንያቱን ማወቅ ጥሩ ነው። ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ፣ ጉርሻው ዝቅተኛውን ደመወዝ እስከሞላለት ድረስ፣ የፌዴራሉ ሕግ ቀጣሪውን የሚያስገድደው በሰዓት 2.13 ዶላር እንዲከፍል ብቻ ነው፤ ይህ መጠን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ከፍ ያለ ክፍያ የሚያስገድዱ ግዛቶች አሉ፣ ግን ብዙ አስተናጋጅ የሚኖረው በእናንተ ጉርሻ ነው። ፈረንሳይ የአገልግሎቱ ክፍያ ዋጋው ውስጥ ስላለ ሳንቲም መተው ይበቃል። ጣሊያን ሒሳቡ ላይ ኮፔርቶ የሚል ካያችሁ የመቀመጫ ክፍያ ነው፤ ቆማችሁ ባንኮኒ ላይ ከጠጣችሁ ቡናው ብዙ ቦታ ይረክሳል።

የትም ሁኑ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ሒሳቡን አንብቡት። አንዳንዴ ገብቷል።

አለርጂ ያለበት ሰው ካፌ መብላት ይችላል?

ይችላል፤ ግን ሜኑውን አንብቦ መገመት አይበቃም። ከማዘዛችሁ በፊት ተናገሩ፣ «አልወደውም» ሳይሆን «ያመኛል» በሉ። ሁለቱን ማድ ቤቱ እኩል አይሰማቸውም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ከታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ ቤቶች ስለ 14 የአለርጂ ምክንያቶች መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ከእነሱ ውስጥ ኦቾሎኒ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴን የመሳሰሉ ግሉተን (የእህል ፕሮቲን) ያላቸው እህሎችና ሰሊጥ ይገኛሉ።

ትንሹ ማድ ቤት ግን አንድ ምድጃ፣ አንድ የዳቦ መጥበሻ ነው ያለው። ግሉተን የሌለው ዳቦ የስንዴ ዳቦ በተጠበሰበት ማሽን ከተጠበሰ ዋጋ የለውም። ይህን በቀጥታ ጠይቁ። አስተናጋጁ «ቆይ ልጠይቅ» ብሎ ከገባ እመኑት። ሳያስብ «ችግር የለውም» ካለ ሌላ ቦታ ብሉ።

ያላዘዝኩት ቢመጣስ?

ሳትነኩት ወዲያው ተናገሩ። ግማሹን በልቶ ማጉረምረም ለማንም አይበጅም።

በአንድ ቀን ስንት ካፌ ማዳረስ ይቻላል?

ሁለት። ሦስተኛው ላይ ምላስ ይደክማል። ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ የተለያየ አዝዛችሁ ተካፈሉ። ረፋድ ላይ እንቁላል፣ ከዚያ አንድ ሰዓት የሚሆን የእግር መንገድ፣ 8 ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ሰፈር የዕለቱ ሾርባ። በመንገድ ላይ ሌላ ያማረ ቤት ካጋጠማችሁ ለቡና ብቻ ግቡ። የሜኑውን ፎቶ አንሱ፣ የመጨረሻ ትእዛዝ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁና ለነገ አቆዩት።